የዛፍ መቁረጫ ማሽን ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በሚሠራበት ሰዓት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አክብሮታዊ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በጎንደርና በዙሪያዋ በእንጨት ንግድ በተሰማሩ ሰዎች ዘንድ እየበረታ የመጣው «ዘመናዊ የዛፍ መቁረጫ ማሽን አስገብተን ሥራውን እናዘምን» የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በቅንነት የሚቀርብ መሆኑን አልጠራጠርም። አንድ ኦፕሬተር መስታወት በተገጠመለት ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ዛፉን ሲጥል፣ ቅርንጫፉን ሲመለምልና በተፈለገው ርዝመት ሲቆራርጥ፣ ያውም ይህን ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲጨርስ በስልኩ ያየ ነጋዴ፣ እኛ ዘንድ በመጥረቢያና በትከሻ የሚሠራውን ሥራ ቢንቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የእንጨት ነጋዴዎችንና የመሰንጠቂያ ቤቶችን ሒሳብ በመያዝ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ጉዳዩን የማየው ከመዝገቡ በኩል ነው። ከመዝገቡ በኩል ሲታይ ማሽኑን አትራፊ ወይም አክሳሪ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት ሥራ ያገኛል፣ በሚሠራበት ሰዓትስ ምን ያህል ውፍረት ያለው ግንድ ይገጥመዋል የሚሉት። እነዚህ ጥያቄዎች ለጎንደር አካባቢ ሲቀርቡ የሚገኘው መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

በቅድሚያ የምንነጋገርበት ዕቃ ምን እንደሆነ ልግለጽ። በስዊድንና በፊንላንድ የደን ምርት የሚሰበሰበው በአብዛኛው ጥንድ ሆነው በሚሠሩ ሁለት ማሽኖች ነው። አንደኛው ሃርቨስተር የሚባለው ሲሆን ዛፉን ከሥሩ ይቆርጣል፣ ይመለምላል፣ በልክ ይቆራርጣል፤ ሁለተኛው ፎርዋርደር ደግሞ የተቆረጠውን ግንድ በክሬኑ እያነሳ፣ በጀርባው ጭኖ እስከ መንገድ ዳር ያደርሳል። የፊንላንዱ ፖንሴ፣ የአሜሪካው ጆን ዲርና የጃፓኑ ኮማትሱ በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚጠራ አምራቾች ናቸው። መካከለኛ የሚባለው ሃርቨስተር 20 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ አዲሱ የሚሸጠውም እንደ ዓይነቱ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ዙሪያ ነው። ፎርዋርደሩም ቢሆን ርካሽ አይደለም። አንዱን ብቻ የገዛ ሰው የቆረጠውን እንጨት ሜዳ ላይ ከምሮ ተሸካሚ ሲፈልግ ይውላል።

ሒሳቡን በዶላር የማስቀምጠው ወድጄ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ዛሬ በብር የምጽፈው የማሽን ዋጋ ደብዳቤው ታትሞ ለአንባቢ እስኪደርስ ድረስ ሊያረጅ ይችላል። ቀጥዬ የምጠቅሳቸው መነሻ አሃዞችም ለስሌት ያህል የያዝኳቸው ናቸውና፣ አንባቢ አቅራቢው የነገረውን ዋጋና ባንኩ የጠየቀውን ወለድ በቦታቸው እየተካ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ማሽኑ በ500,000 ዶላር ተገዝቶ 5 ዓመት ቢሠራና በመጨረሻ በ100,000 ዶላር ቢሸጥ፣ የእርጅና ቅናሹ፣ ማለትም ዕቃው እያረጀ ሲሄድ ከዋጋው የሚያጣው፣ በዓመት 80,000 ዶላር ይሆናል። በእነዚህ 5 ዓመታት በማሽኑ ላይ ታስሮ የሚቆየው ገንዘብ በየዓመቱ መጀመሪያ ባለው ዋጋ ሲታሰብ በአማካይ 340,000 ዶላር ስለሆነ፣ ወለዱ 15 በመቶ ነው ብንል 51,000 ዶላር ይመጣል። ለኢንሹራንስ፣ ለጥበቃና ለማቆሚያ ሌላ 10,000 ዶላር ስንጨምርበት፣ ማሽኑ አንድም ዛፍ ሳይቆርጥ በየዓመቱ 141,000 ዶላር ይበላል። ብዙ ሰው ስለ ማሽን ወጪ ሲያስብ ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው ናፍጣ ነው። በእርግጥ ሃርቨስተር በሰዓት ከ12 እስከ 18 ሊትር ናፍጣ ሊፈጅ ይችላል፤ ናፍጣው ግን ማሽኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ወለዱና የእርጅና ቅናሹ አይቆሙም፤ በክረምት ዝናብም፣ በበዓልም፣ መለዋወጫ በሚጠበቅበት ሳምንትም ይቆጥራሉ።

አሁን ይህ 141,000 ዶላር ለሰዓት ይከፋፈል። ማሽኑ ለሥራ የተመደበበት ሰዓትና መጋዙ በእውነት እንጨት ውስጥ የገባበት ሰዓት የተለያዩ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ክፍያ የሚያስገኘው ሁለተኛው ብቻ ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ በተያዘለት አካባቢ በአንድ ፈረቃ ብቻ እንኳ 2,000 ሰዓት ተመድቦ ከዚያ ውስጥ 1,500 ሰዓት ያህል ፍሬያማ ሥራ ቢገኝ፣ ቋሚው ወጪ በሰዓት 94 ዶላር ይሆናል። በእኛ አካባቢ ግን ከኅዳር እስከ ግንቦት ያሉት 7 ወራት በሙሉ ሥራ ላይ ዋሉ ብንል፣ በወር 25 ቀን በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ የምናገኘው 1,400 ሰዓት ነው። ከዚህም ውስጥ ማሽኑን ከቦታ ቦታ ለማዘዋወር፣ ለጥገናና ለመጠባበቅ የሚባክነው ግማሹ ነው ቢባል የተጋነነ አይመስለኝም። ስለዚህ የሚቀረው 700 ሰዓት ነው፤ ያው 141,000 ዶላር ለ700 ሲካፈል በሰዓት 201 ዶላር ይመጣል። ለናፍጣ፣ ለዘይት፣ ለሰንሰለት፣ ለጥገናና ለኦፕሬተር ደመወዝ በሰዓት 65 ዶላር ስንጨምር በመጀመሪያው ሁኔታ 159፣ በእኛው ሁኔታ 266 ዶላር ይሆናል።

እስካሁን ያለው ልዩነት እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ ነገሩን የሚያከፋው የግንዱ ውፍረት ነው። ሃርቨስተር ቀጭኑን ዛፍ ለመያዝ፣ ለመቁረጥና ለመመልመል የሚፈጅበት ጊዜ ለወፍራሙ ከሚፈጅበት ብዙም አያንስም፤ ስለዚህ ምርቱ የሚወሰነው በአንዱ ዛፍ ይዘት ነው። በሰዓት 70 ዛፍ ይቆርጣል ብንል፣ እያንዳንዱ ዛፍ ሩብ ሜትር ኩብ የሚወጣው ከሆነ 17.5 ሜትር ኩብ እንጨት ይገኛል፤ አንዱም ሜትር ኩብ ከ9 ዶላር ጥቂት ከፍ ባለ ወጪ ይቆረጣል። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 13 ሜትር ያህል የሆነ፣ እኛ ለአጣና የምንቆርጠው ባህር ዛፍ ግን የሚወጣው 0.05 ሜትር ኩብ ቢሆን ነው። በእነዚያው 70 ዛፎች የሚገኘው 3.5 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። 266 ለ3.5 ሲካፈል 76 ዶላር ነው። አንዱ ማሽን፣ አንዱ ኦፕሬተር፣ አንዱ ናፍጣ፣ ወጪው ግን ከ8 እጥፍ በላይ ነው። ይህም ፎርዋርደሩ ሳይታሰብ፣ አይሱዙው ሳይጫን፣ ለገበሬውም የዛፉ ዋጋ ሳይከፈል ነው።

700 ሰዓት ያልኩት አነስተኛ ግምት ነው የሚል ካለ ቦታውን አብረን እንመልከት። በወገራ፣ በላይ አርማጭሆ፣ በጎንደር ዙሪያና በጭልጋ ያለው ባህር ዛፍ በአብዛኛው የገበሬ ነው፤ አንዱ ግማሽ ጥማድ፣ ሌላው አንድ ጥማድ፣ አንዳንዱም የማሳ ድንበርና የጓሮ ዳርቻ ተከትሎ የቆመ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር መሆኑን ስናስብ፣ እንዲህ ያለ ማሽን የአንዱን ገበሬ በጥቂት ቀናት ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አለበት ማለት ነው። መሄዱ ደግሞ እንደ ሰው መሄድ አይደለም፤ 20 ቶን የሚመዝን ማሽን ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ትክል ድንጋይ የሚጓዘው ሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን የሚጭን ዝቅ ያለ ተሽከርካሪ፣ ተከራይቶለት ነው፤ ሎቤዱም የሚያደርሰው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ፣ የጤፍ ማሳ፣ የድንጋይ እርከንና ለጋሪ ተብሎ የተሠራ ድልድይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ ዋልካው አፈር ከባድ ማሽን ቀርቶ በሬም ያሰምጣል፤ ጥቅምትም ቢሆን ገበሬው ሰብሉን ሳያነሳ ማሽን በማሳው አያሳልፍም። የሃይድሮሊክ ቱቦ ቢፈነዳ እዚህ ያሉ ጎበዝ መካኒኮች መላ ይፈልጉለት ይሆናል፤ የማሽኑ ኮምፒውተር ወይም ዳሳሽ ቢበላሽ ግን መፍትሔው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ባለችው አዲስ አበባ፣ ምናልባትም ከባሕር ማዶ ነው። በጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋባቸውን ቀናት፣ የእንጨት ማጓጓዣ ፈቃድ የሚጠበቅባቸውን ቀናት አንባቢ ራሱ ይደምርበት።

ብራዚልን በምሳሌነት የሚጠቅሱ ወዳጆች አሉኝ። ብራዚልም ባህር ዛፍ ነው የምትቆርጠው፤ ከ6 እስከ 7 ዓመት የቆየውን በማሽን ትቆርጣለች፣ ታተርፍበታለችም። ነገር ግን እዚያ ዛፉ የአንድ ኩባንያ ነው፤ በአንድ ቀን የተተከለ፣ በመስመር የቆመ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ሜዳ ላይ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ነው። ማሽኑ ቀንና ሌሊት በፈረቃ ሲቆርጥ ከርሞም ከአንድ ይዞታ ላይወጣ ይችላል። የወረቀት ፋብሪካው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ አስቀድሞ ያውቀዋል። ስዊድንም ብትሆን የደኑ ባለቤት ብዙ ቢሆንም ማሽኑን የያዘው ሥራ ተቋራጭ ነው፤ እንጨት ገዢው ኩባንያ የብዙ ባለ ይዞታዎችን ሥራ አቀናጅቶ ይሰጠዋል፤ ክፍያውም በሜትር ኩብ ነው። እዚያም ቢሆን የደን ሥራ ተቋራጮች ትርፋቸው ስስ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ሥራ የፈታ ማሽን የዓመቱን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ስዊድኖች እስከ 1950ዎቹ ድረስ ደናቸውን የሚቆርጡት በእጅ መጋዝ ነበር፤ የሚጎትቱትም በፈረስ ነበር። ከዚያ የሞተር መጋዙ ገባ፣ ከዚያ ትራክተሩ፣ ቀጥሎ በ1970ዎቹ ቅርንጫፍ የሚመለምለው ማሽን፤ ዛሬ በስልካችን የምናየው ዓይነት ሃርቨስተር የተስፋፋው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በየደረጃው የገፋቸው የሠራተኛ ዋጋ መወደድ ነበር፤ ማሽን የሰውን ጉልበት የሚተካ ዕቃ ስለሆነ የሚያዋጣው ጉልበቱ ከገንዘቡ ሲወደድ ነው። እኛ ዘንድ ግን የተወደደው ገንዘቡ ነው። ወለዱ ከፍተኛ፣ ዶላሩ ብርቅ፣ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ደግሞ እንኳንስ ከማሽን ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የማይወዳደር ሆኖ ሳለ፣ ርካሹን አስወጥቶ ውዱን ማስገባት በምን ስሌት ትርፍ እንደሚሆን አይታየኝም። የሥራ ፈላጊውን ወጣት ጉዳይ ለጊዜው ትቼ የማወራው ስለ ሒሳቡ ብቻ ነው።

የጉቶውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ገበሬውን እበድላለሁ። ባህር ዛፍ አንዴ ተቆርጦ የሚያበቃ አይደለም፤ ከጉቶው አቆጥቁጦ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ይደርሳል፤ ገበሬው ዛፉን በቁሙ ሲሸጥ የሚተማመነውም በዚህ ነው። ጉቶው በደንብ እንዲያቆጠቁጥ መሬት ተጠግቶ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ትንሽ ዘመም ተደርጎ፣ ልጡ ሳይገነጠል መቆረጥ አለበት። 20 ቶን የሚመዝን ማሽን ጎማ የሄደበት ጉቶ ምን እንደሚሆን ለመናገር ባለሙያ መሆን አያሻም። ይህ ጉዳት በነጋዴው መዝገብ ላይ አይታይም፤ ከ5 እና ከ6 ዓመት በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ ነው የሚታየው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስል ማሽን ይቅር ማለቴ አይደለም። መጥረቢያ ራሱ ብክነት አለው፤ ወፍራም ግንድ በመጥረቢያ ሲቆረጥ ከሥሩ ያለው ምርጡ ክፍል ስንጥር ሆኖ ይቀራል። ለጣውላና ለሞራሌ የሚሆን ግንድ ላይ ይህ ኪሳራ ቀላል አይደለም። የሞተር መጋዝ ግን በመዝገቤ ላይ ከሁሉም ዕቃ ቶሎ ዋጋውን የሚመልስ ሆኖ የማገኘው ነው። ለሙያ ሥራ የሚሆነው ጠንካራው መጋዝ እንኳ በጥቂት መቶ ዶላሮች የሚገዛ ሲሆን፣ ከ1,500 ሰዓት ያላነሰ ቢያገለግል የእርጅና ቅናሹ በሰዓት ከአንድ ዶላር በታች ነው። ክረምቱን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢከርም ወለድ የሚጠይቅ የለም። የሚገድለው አያያዝ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ቤንዚኑ በትክክለኛው መጠን ከዘይት ጋር መደባለቅ አለበት፤ ብዙዎቹ አምራቾች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይላሉ፤ ዘይቱ ሲቀንስ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ሲበዛ ሻማው ይጠቁራል። ሰንሰለቱም እንዲሁ ነው። የተሳለ ሰንሰለት የሚያወጣው ሰጋቱራ ረዘም ረዘም ያለ ነው፤ እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ መውጣት ሲጀምር መጋዙ እየቆረጠ ሳይሆን እየፈጨ ነው፣ ቤንዚኑም በከንቱ ይሄዳል። በአነስተኛ ክብ ሞረድ ጥርሱን በየነዳጅ መሙያው ጊዜ የሚስል ቆራጭና ሳምንት ሙሉ የማይስል ቆራጭ በአንድ ዓይነት መጋዝ የሚያስገኙት ልዩነት በደንበኞቼ የቤንዚን ደረሰኝ ላይ በግልጽ ይታያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥልጠናና የአንድ ሞረድ ዋጋ ነው።

ዋናው ማነቆ ግን መቁረጡ እንኳ አይደለም፤ ማውጣቱ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ አካባቢ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ነገሩ ያለ አስረጂ ይገባዋል። መንገዱ ከላይ በጫፉ ይሄዳል፣ ባህር ዛፉ ከታች በቁልቁለቱ ላይ ቆሟል። ጎማ ያለው ሃርቨስተር ያለ ገመድ ድጋፍ በደኅና የሚሠራው እስከ 30 እና 35 በመቶ ባለው ተዳፋት ስለሆነ የዚህ ቦታ አብዛኛው ክፍል ለማሽኑ ገና ከመጀመሪያው ከሒሳብ ውጭ ነው። ቆራጩ በሞተር መጋዝ በአንድ ረፋድ የጣለውን ዛፍ ተሸካሚዎች አንድ አንዱን አጣና በትከሻቸው እየያዙ ሽቅብ ሲያወጡት ይመሻል፤ ወፈር ያለው ግንድ ደግሞ ለሁለት ለሦስት ተቆርጦ በአህያ ይጎተታል። እርጥብ ባህር ዛፍ በሜትር ኩብ ወደ 1 ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው። ግንዱ ለመሸከም ሲባል ማጠር ስላለበትም፣ 6 ሜትር ሆኖ ቢወጣ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እንጨት በ3 ሜትር ተቆርጦ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ነጋዴው በየዓመቱ የሚያጣው ትልቁ ገንዘብ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ተጎጂው ራሱ ይህን ወጪ ብሎ የማይመዘግበው መሆኑ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ማሽን በትራክተር ጀርባ ላይ የሚገጠም የመጎተቻ ዊንች ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ከሚያወጣው የትራክተሩ ዘንግ ነው፤ 5 ቶን ያህል የመጎተት አቅም ያለውን ባለ 60 እና 70 የፈረስ ጉልበት ትራክተር በምቾት ያሠራዋል። ትራክተሩ መንገድ ዳር ይቆማል፣ የብረት ገመዱ እስከ 80 ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች ይሳባል፣ አምስት ስድስት ግንድ በሰንሰለት ይታሰርና ሽቅብ ይወጣል፤ ጎማ ማሳውን አይረግጥም፣ ጉቶም አይነካም። ዊንቹ በ6,000 ዶላር ተገዝቶ 8 ዓመት ቢያገለግልና ምንም ቀሪ ዋጋ ባይኖረው፣ በዚያው 15 በመቶ ወለድ ሲሰላ ቋሚ ወጪው በዓመት 1,250 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 500 ሰዓት ቢሠራ በሰዓት ከ3 ዶላር አይበልጥም። ለሃርቨስተሩ 201 ዶላር ካልነው ጋር አስተያዩት። በእርግጥ የትራክተሩ ኪራይ፣ ናፍጣውና ሾፌሩ ይታከሉበታል፤ እነርሱ ግን ሥራ ባለበት ሰዓት ብቻ የሚከፈሉ ናቸው።

ትራክተሩ ከየት ይመጣል ለሚለኝ መልሱ ከመተማ ነው። በመተማና በቋራ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርቱ ባለሀብቶች ትራክተሮቻቸውን አጥብቀው የሚፈልጓቸው ዝናቡ ሊጀምር ሲል ለእርሻና ለዘር፣ በኋላም ሰብል ሲሰበሰብ ለማጓጓዝ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ቆመው ይከርማሉ። ደጋው ላይ እንጨት የሚወጣውም በዚያው ደረቅ ወቅት ነው። የቆላው ትራክተር ባለቤት የቆመ ዕቃው ኪራይ ያስገኝለታል፤ የደጋው ነጋዴ ሙሉ ትራክተር ሳይገዛ ዊንቹን ብቻ ይዞ ይቀርባል። ይህን የሚያገናኝ ደላላ እስካሁን አለመፈጠሩ ይገርመኛል፤ በሌላው ነገር ሁሉ ደላላ ሞልቶናልና። በከተማችን ግንባታ ላይ የሚሠሩትን ኤክስካቫተሮችም እንዲሁ፣ የእንጨት መያዣ ጥፍር ተገጥሞላቸው ትልልቅ የእንጨት መከዘኛዎች ላይ ለጭነት ቢውሉ ያዋጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ያገለገለ ሃርቨስተር ከአውሮፓ በርካሽ እናምጣ የሚሉትን በተመለከተ በአጭሩ የምለው አለ። በእርግጥ ከ10,000 ሰዓት በላይ የሠራ ማሽን ከአዲሱ በብዙ እጥፍ ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ የእርጅና ቅናሹም ወለዱም ያንሳል። ነገር ግን የቀነሰው ቋሚ ወጪ በጥገና በኩል ተመልሶ ይመጣል፤ ፓምፑ፣ ክሬኑ፣ የመቁረጫው ጭንቅላት ተራ በተራ እድሳት ይጠይቃሉ፤ ያረጀ ማሽን ከሁሉም በላይ የሚያሳጣው ደግሞ ከላይ ስናለቅስለት የነበረውን ሰዓት ነው። ኦፕሬተሩም የሙሉ ምርት ደረጃ ላይ ለመድረስ ወራት፣ ምናልባትም ዓመት ልምምድ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ከእጅ አይሻል ዶማ መሆኑ አይቀርም።

ለአንድ ነገር ግን ማሽኑን አመሰግነዋለሁ፤ ኦፕሬተሩን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ከሚወድቅ ዛፍ ይጠብቀዋል። የእኛ ቆራጮች የራስ ቁር፣ የጆሮ መከላከያና ሰንሰለት የሚያቆም ሱሪ ሳይኖራቸው፣ ብዙዎቹም በሸበጥ ጫማ ነው የሚሠሩት። የመጋዙ ጫፍ እንጨት ነክቶ ወደ ቆራጩ ፊት ሲመለስ ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም። ጉዳት ሲደርስ የሕክምናው ወጪ፣ የሚቋረጠው ሥራና የቤተሰቡ ችግር በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ በሞተር መጋዝ መቁረጥ ርካሽ ነው ስንል ከፊሉ ርካሽነት የመጣው ከዚህ ነው። ለአንድ ቆራጭ የሚገዛ የተሟላ የመከላከያ ልብስ ከትልቁ ማሽን ዋጋ አንፃር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለአደጋ ኢንሹራንስም የሚከፈለው ዓረቦን ከአንድ አይሱዙ ጭነት ትርፍ የሚበልጥ አይመስለኝም። እኔ ለማንኛውም ደንበኛዬ የቆረጣ ወጪ ስሠራ እነዚህን ሁለቱን አስገባለሁ፤ አንዳንዶቹ ይቆጣሉ፣ ቢሆንም አስገባለሁ።

ትልቁ ማሽን ፈጽሞ ቦታ የለውም ብዬ ግን አልደመድምም። በመንግሥትም ሆነ በማኅበር የተያዘ፣ ተዳፋቱ ለስላሳ የሆነ፣ ዛፉ ወፍሮ ለጣውላ የደረሰ ሰፊ ተክል ደን ባለበት ቦታ ሒሳቡ ሊለወጥ ይችላል። 1,500 ሰዓት ሥራ በጽሑፍ ውል የተረጋገጠለት ሰው ማሽን ቢገዛ አላማውም። የምቃወመው ውሉ ሳይኖር ግዢው ሲቀድም ነው። ስለዚህ ለማሽን ግዢ ብድር የሚሰጡ ባንኮችና የካፒታል ዕቃ ኪራይ ተቋማት ከተበዳሪው የቤት ካርታና የአቅራቢውን ዋጋ ብቻ ተቀብለው እንዳይወስኑ እጠይቃለሁ። ማሽኑ በየወሩ የት፣ ለማን፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የሚቆርጠው ግንድ አማካይ ውፍረት ስንት እንደሆነ፣ በክረምት የት እንደሚቆምና የዚያን ጊዜውን ወለድ ከየት እንደሚከፍል በዝርዝር ይጻፍላቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምሁራንም ከመጪው ኅዳር ጀምሮ በአንድ ወረዳ አንድ የትራክተር ዊንች ተከራይተው፣ በአንድ በኩል በትከሻና በአህያ የሚወጣውን፣ በሌላ በኩል በዊንች የሚወጣውን በሰዓትና በሜትር ኩብ መዝግበው ቢያወጡልን፣ እኔ ለስሌት ያህል የያዝኳቸው አሃዞች በተመዘገቡ አሃዞች ይተካሉ። መዝገቡን ለመያዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ ክፍያም አልጠይቅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር